የአባቴ ቮልስ

ልጆች ሳለን አባታችን ከሥራ መመለሱን የምናውቀው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነበር። ቮልሷ የቀበናን ድልድይ ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር፣ ገና ከሰፈራችን መታጠፊያ ሳትደርስ፣ ያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንቀጠቀጥ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅዋ ከሌላው መኪና ሁሉ ተለይቶ ይሰማል። በመጀመሪያ ውሻችን ጆሮውን ያቆማል። ቀጥሎ እናቴ ጀበናዋን ከሰል ላይ ትጥዳለች። ከዚያ ታናሽ ወንድሜና እኔ የቆርቆሮውን በር ለመክፈት እንሽቀዳደማለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው አባቴ ገና ሳይታይ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ሰው ከመድረሱ በፊት ቤቱን የሚያሰናዳለት ድምፅ ካለው ምንኛ የታደለ ነው!

እኔ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ቃላት ስቆጥር የማመሽ ሰው ነኝ። ለነገር ሁሉ ዋጋ መናገር እንጀራዬ ነው። ወርቅ በግራም፣ ቤት በካሬ፣ ዶላር በዕለት ምንዛሬ ይነገራል። ባለፈው ዓመት ግን «የአባታችሁ ቮልስ ስንት ታወጣለች?» ተብዬ በተጠየቅሁ ጊዜ ምላሴ ተሳሰረ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቮልሷን የገዛት በ1979 ዓ.ም.፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ላይ ነው። እርሷ ግን ያን ጊዜም አሮጊት ነበረች፤ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1960 የጸደይ ወራት ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ውኃ የላትም፤ ራዲያተርም የላትም። አራቱ ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተው በነፋስ ይበርዳሉ። ያንን ነፋስ የሚገፋው ማራገቢያ ነው ድምፅዋን ድምፅ ያደረገው። ባትሪዋ ባለ 6 ቮልት ሲሆን ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል፤ እኔና ወንድሜ ልጅነታችንን ሙሉ ባትሪ ላይ ተቀምጠን ነው ከተማውን ያየነው። አንደኛ ማርሿ መኪናዋ ፈጽማ ካልቆመች በቀር አይገባም። አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ፣ ማርሹ በእጄ ውስጥ ሲጮህ፣ «አንደኛ የሚገባው ለቆመ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ቁሚ» ይለኝ ነበር።

የቤንዚን ልክ የሚያሳይ ጌጅም የላትም። በዚያ ፈንታ ከሾፌሩ እግር አጠገብ አንዲት ትንሽ መዘውር አለች። መኪናዋ መንገድ ላይ ማነቅ ስትጀምር ሾፌሩ መዘውሯን በእግሩ ይገፋታል፤ ያን ጊዜ ከታንከሩ ግርጌ አምስት ሊትር ያህል የተቆጠበ ቤንዚን ይለቀቃል። አባቴ ይህን «ሪዘርቭ» ይለው ነበር። መዘዙ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ነዳጅ ከቀዱ በኋላ መዘውሯን ወደ ቦታዋ ካልመለሷት በሚቀጥለው ጊዜ ሪዘርቭ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አብሮ ይነድዳልና። አንድ ጊዜ፣ የፋሲካ ማግስት፣ አባቴ ይህንኑ ረስቶ ከሱሉልታ ወዲህ መንገድ ላይ ቀርተናል። እርሱ ጀሪካን ይዞ ሲሄድ እናቴ ዶሮ ወጡን ከመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ አበላችን። እስከ ዛሬ ከበላኋቸው ምሳዎች ሁሉ የሚጥመኝ ያ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጌጧ ግን ፍሬቻዋ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ የሚርገበገብ መብራት አልነበረም። በበሩና በኋላው መስኮት መካከል ካለው ምሰሶ ውስጥ ስንዝር የምታህል ክንድ ታጥፋ ትተኛለች። አባቴ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል ክንዲቱ ብድግ ብላ ትዘረጋለች፤ ብርቱካንማ ብርሃንም ታበራለች። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1960 አጋማሽ ይህን አሠራር ትቶ በአውሮፓ መኪኖቹ ላይ የሚርገበገብ መብራት ስለ ተካ የእኛዋ ከመጨረሻዎቹ አንዷ መሆኗ ነው። የሰፈሩ ልጆች «መምህሩ እጅ አወጡ!» እያሉ ይሥቁ ነበር።

ቃላት ወዳድ ለሆነ ሰው ጋራዥ እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ቮልሷን ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠገኑልን ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጀርመናዊቷ መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ የአካሏ ስም ጣሊያንኛ ሆኖ ጠበቃት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ። ቃላቱን ያመጣው ወራሪ በ1933 ተሸንፎ ወጣ፤ ቃላቱ ግን በጥቁር ዘይት የራሰ ቱታ ለብሰው ቀሩ። በኋላ በትርጉማቸው ስመለከታቸው ተደነቅሁ። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ፍሬቻ ደግሞ ፍላጻ። ሻማ የሚበራባት፣ ድስት የተጣደባት፣ በደጇ ፍላጻ የተሰቀለባት ይህች መኪና እንዴት ቤት አትባል?

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጋሼ ጋራዥ በር ላይ አምስት ስድስት ቮልሶች ይሰለፋሉ። ማኅበር አይደለም፤ መዋጮም ሊቀ መንበርም የለውም። በሽታቸው አንድ የሆነ ሰዎች የሚገናኙበት ጠበል ነው ማለት ይቀላል። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ አሉ፤ በሰማያዊ ቮልሳቸው ለአርባ ዓመት ሥራ የሄዱ። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሐኪም አለ። መኪናውን የእንቁላል አስኳል ቢጫ የቀባ አንድ ወጣት ሠዓሊም አለ። ሴቶቹ እኔና ነርሷ ብቻ ነን። አንዱ ከሶማሌ ተራ የቆፈረውን የበር እጀታ ያሳያል፤ ሌላው ከብራዚል ያስመጣውን ካርቡሬተር በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ታቦት ይዞ ይመጣል። ጋሼም ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ሞቋታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሞተሮች የዘይት ማብረጃው የሦስተኛዋን ነፋስ ስለሚጋርድባት ከእኅቶቿ ይልቅ ትሞቃለች። እንዲህ ያለውን እውቀት በልባቸው የያዙ ሰዎች ከተማችን ውስጥ እየቀነሱ ነው።

ከእነርሱ ጋር መዋል ስጀምር የዚህችን መኪና ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ፤ ያነበብሁትም ሁሉ የሚያስደስት አልነበረም። ስሟ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ንድፉን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን ያዘዘው ሂትለር ነበር። እንደ ባንክ ሠራተኛ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የቁጠባው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የጀርመን ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር ላይ እንዲለጥፍ፣ ዋጋው 990 ማርክ ሲሞላም መኪናውን እንዲወስድ ተነገረው። ከ330,000 በላይ ሰዎች ቆጠቡ። በዚያ ደብተር መኪና የተረከበ አንድ ሰው ግን አልነበረም፤ ጦርነቱ መጣ፣ ፋብሪካውም በግዳጅ የተጋዙ ሰዎችን እያሠራ የጦር ተሽከርካሪ ማምረቻ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የፈረሰውን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ቆጣቢዎቹ ለዓመታት ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ1961 ያገኙት ካሳ በአዲስ መኪና ላይ የዋጋ ቅናሽ ወይም ጥቂት ገንዘብ ነው። ደብተሩን አጣጥፎ ያስቀመጠውን ያንን ሰው አስበዋለሁ። ለሕልሙ የቆጠበ ሰው ሁሉ ዘመዴ ይመስለኛል።

መኪናዋ ግን ከአባቶቿ ኃጢአት አምልጣ ዓለምን ዞረች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 15,007,034ኛዋ ስትሠራ የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮዋ የፑዌብላ ከተማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሙዚቃ ታጅባ ስትወጣ ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር። በእኛም ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ጎንበስ ብሎ ይገባል። አባቴ ይህን ሲተርክልን፣ «ይቺ መኪና ሰው ሁሉ አጎንብሶ የሚገባባት ናት» ብሎ ዝም ይል ነበር። በንጉሡ ይፍረድ ይዘንላቸው ለይቼ አላውቅም።

አባቴ በ2014 ዓ.ም. አረፈ። ከቀብሩ መልስ ቮልሷን ሸራ አለበስናት፤ ከዚያች ቀን በኋላም ማንም አላስነሣትም። እኔ መንዳት እችል ነበር፤ ነገር ግን ድምፅዋ ተሰምቶ እናቴ ጀበና ብትጥድስ? ውሻችን በር ላይ ቢቆምስ? ከበር የሚገባው ሰው እኔ ብሆንስ? ስለዚህ ዝምታው ይሻላል አልኩ። የአባቴን ሞት በሸራ የሸፈንኩት መስሎኝ ነበር።

በ2017 ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሣ ተነገረን፤ ለእናቴም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ተሰጣት። ለቮልሷ የሚሆን ጥላ ግን እዚያ የለም። በዚሁ ሰሞን ነው ወንድሜ ጉዳዩን ያነሣው። ወንድሜ በምሕንድስና ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ የፈለገ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ክፍያውን ካገኘ በብድር የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ በስልክ ጥሪ ሰው ማመላለስ ይፈልጋል። ቁጥሩን ሁሉ በወረቀት አስልቶ ይዞልኝ መጣ። እኔም በሙያዬ መረመርሁት፤ ስሌቱ አንድም ስሕተት የለውም።

«እትዬ» አለኝ፤ «አገሩ እኮ በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 በወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ተጥሏል። ዘመኑ አልፏል። ደግሞ ሂጂና መንገድ ላይ እዪ፤ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖችም ያንኑ ምልክት ነው የለጠፉት፤ ሞተራቸውም እንደ አባባ መኪና ከኋላ ነው።»

«እነዚያ ድምፅ የላቸውም» አልኩት። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ወንድሜ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በዝግታ፣ «አባባ ቤንዚን ሲያልቅበት መንገድ ላይ ቆሞ አያለቅስም ነበር። ሪዘርቩን ከፍቶ እስከሚቀጥለው ማደያ ይሄድ ነበር። ቮልሷ ሪዘርቫችን ናት፤ እትዬ» አለኝ። ሌሊቱን በሙሉ ይህ ቃል በጆሮዬ አስተጋባ።

ገዢዎች ሁለት ሆኑ። አንደኛው ሬስቶራንት ሊከፍት የተነሣ ነጋዴ ነው፤ 600,000 ብር ሰጠን። ሞተሯን አስወጥቶ፣ ውስጧን በመብራት አስጊጦ በደጁ ላይ ሊያቆማት ነው ያሰበው። «ፎቶ የሚነሣባት ሰው ይበዛል» አለን፤ ክፋት አልነበረውም። ሁለተኛው ያ የእሑዱ ሠዓሊ ነው። ቢጫዋን ሸጦ የአባቴን ሊገዛ ፈለገ፤ አቅሙ ግን ከ480,000 ብር አላለፈም። እርሱ ሊነዳት ነው የፈለገው። ልዩነቱ 120,000 ብር ነው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ክፍያ የሚያስፈልገው ደግሞ ልክ 600,000 ነበር። እኔ በሰው ገንዘብ ላይ ሃያ ጊዜ የምሠራው ቀላል መቀነስ በራሴ ቤት ተራራ ሆነብኝ።

ከመሸጧ በፊት ትነሣ ዘንድ ጋሼን ጠራኋቸው። አዲስ ባትሪ አስገቡ፤ የቆየውን ቤንዚን ቀዱ፤ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው አጸዱ፤ የማራገቢያውን ቺንጋ ለወጡ፤ ዘይቱን፣ ሁለት ሊትር ተኩሉን፣ ቀየሩ። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝና «አንቺ አስነሺያት፤ አባትሽ ናቸው ያስተማሩሽ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አነቃት። በሦስተኛው ግቢው በዚያ ድምፅ ተሞላ።

ቀና ስል እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በእጇ ጀበና ይዛለች። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጀበናዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ «አውጡኝ እስቲ» አለች።

እናቴ ከፊት፣ ወንድሜ እንደ ልጅነቱ ከኋላ ባትሪው ላይ ተቀምጦ ወጣን። በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርገን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ አቀናን። በደጋው ቀጭን አየር ሞተሯ ይደክማታል፤ ነገር ግን የሚፈላ ውኃ ስለሌላት አትቆምም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና እያጉረመረመች ወጣች። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያሰማሉ። ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ፍሬቻዋ ብድግ አለች፤ አንድ የትራፊክ ፖሊስ እስክናልፍ ድረስ አፉን ከፍቶ ተመለከተን። ከላይ ከባሕር ዛፉ ሥር አቆምኳት። ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል፤ በግማሹ ይፈርሳል፣ በግማሹ ይገነባል።

«ይቺ መኪና በምን እንደተገዛች ታውቃላችሁ?» አለች እናቴ።

«በአባባ ቁጠባ ነዋ» አልኩ።

«የእናቴ የወርቅ ሀብል ነበረኝ» አለች። «አባታችሁ ሩቅ ትምህርት ቤት ተዛውሮ በእግርና በአውቶቡስ ሲመላለስ ደረቱን ያመው ነበር። ሳልነግረው ወስጄ ሸጥኩት። ሲያውቅ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ወርቁ ለሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ እኔን የጠቀመኝ በሸጥኩት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ እኮ በየዕለቱ ሲመጣ እሰማው ነበር።»

ወንድሜ ከኋላ አንገቱን ደፋ። እናቴ ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንጥረኛው የበለጠ ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሊያቀልጠው። እኔ የሸጥኩት ለምታጠልቀው ሴት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ሳያት አንገቷን አይ ነበር።»

ከዚህ በኋላ የቀረው ሂሳብ የእኔ ብቻ ነበር። አንባቢዬ፣ እንደ ማንኛውም የግጥም ሱሰኛ እኔም አንድ የቁጠባ ደብተር ነበረኝ። አሥር ዓመት የጻፍኳቸውን ግጥሞች ላሳትምበት ከደመወዜ እየቀነስኩ ያስቀመጥኩት ነው። ሰኞ ጠዋት መስኮቴን ከመክፈቴ በፊት ለራሴ የወጪ ቅጽ ሞላሁ፤ 120,000 ብር። የሥራ ባልደረባዬ «መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገባ?» ብላ ደስ አላት። «አዎ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚታተመው» አልኳት። አልገባትም። ቮልሷ ለሠዓሊው በ480,000 ተሸጠች፤ ለወንድሜ ግን 600,000 ሞላለት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም፤ ማወቁን ግን አውቃለሁ።

ሠዓሊው ሊወስዳት በመጣ ጊዜ አንድ ነውር ሠራሁ። ጋሼን ለብቻቸው ጠርቼ አንዷን የፍሬቻ ክንድ እንዲፈቱልኝ ለመንኳቸው፤ ለመታሰቢያ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ፍላጻዋን ወስደሽ ማንን ልትወጊበት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «በአንድ ክንድ እንዴት ትሄዳለች? መንገዱን የሚያሳይ ነገር ከመኪና ላይ አይነሣም። መታሰቢያ የፈለግሽ እንደሆነ ጻፊ፤ ጻፊ ነው ሥራሽ።» አፍሬ ተመለስኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ በባንክ ቅጽ ጀርባ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦

ድምፅሽን ሰምተን ነው በሩን የከፈትነው፣
ቡናውን የጣድነው፣ ውሻው የዘለለው፤
አሁን ማን ይነግረን ማን እንደ ዘለቀ፣
አባታችን አርፎ ድምፅሽም ከራቀ።

አሁን እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የወንድሜ መኪና ነጭ ናት፤ ንጹሕ ናት፤ ሥራም አላጣችም። ኮፈኗን ከፍቼ አይቻታለሁ። ካንዴላ የላትም፤ ማርሚታም የላትም፤ ሻማና ድስት የሌለበት ቤት ናት። እነዚያ ከወራሪ የማረክናቸው ቃላት ከጋሼ ጋር ቀስ በቀስ ጡረታ እንደሚወጡ ገባኝ። ፍሬቻ ግን አለች። ፍላጻው ተረፈ።

ወደ ቤት ስትገባ ጎማዋ ከአስፋልቱ ጋር ከሚያሰማው ሹክሹክታ በቀር ምንም አይሰማም፤ እናቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንድሜ በሩን ሲያንኳኳ ትደነግጥ ነበር። «ሰው እንዲህ ሳይሰማ ይመጣል?» ትል ነበር። ቡናው ሁልጊዜ ይዘገያል። አንድ ቀን ወንድሜ ይህን አስተዋለ መሰለኝ፤ ከሕንፃው በታች ደርሶ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አድርጎ ነካው። ጎረቤቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ለምደውታል። እኔ ባለፈው እሑድ እዚያ ነበርኩ። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እናቴ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ጀበናዋን ጣደች።

ቮልሷንም አልፎ አልፎ እሰማታለሁ። ባንካችን በር ላይ ያለው መንገድ ወደ አራት ኪሎ የሚያስወጣ ስለሆነ ሠዓሊው በዚያ ያልፋል። ገንዘብ እየቆጠርኩ ሳለሁ ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል፤ እጄ ይቆማል፤ ቁጥሩም ይጠፋኛል። ደንበኛው በመስኮቱ ወዲያ ሆኖ ይጠብቃል። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ከመጀመሪያው ጀምሬ እቆጥራለሁ።